የተኙት ለቅሶ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የዋቢዳር ከተማ ሰው እንደተለመደው ተኝቶ ስፖርት ሊሠራ ወጣ። አስካኝ የሚሏት፣ ከጆሮ ጀርባ የምትተከል የስንዴ ፍሬ የምታህል መሣሪያ አእምሮን ለአንድ ሰዓት አስተኝታ አካልን ታንቀሳቅሳለች፤ ጎረምሳውን ታስሮጣለች፣ አራሷን ታፍታታለች፣ ጡረተኛውን ታራምዳለች። በቀረው ሰዓት ደግሞ ጭንቀት ገና ብቅ ሲል በአጭሩ ትቀጨዋለች። ሰነፍ የሚመኘው ዓለም ማለት ይኸው ነው።

ትርንጎ የአስካኝ ጠጋኝ ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት። ባሏ ገዛኸኝ ከሞተ አራት ወር ሆነው። አስካኟ «የመበለትነት ምዕራፍ» ብላ የማረጋጊያውን መጠን በራሷ ጊዜ ከፍ አድርጋላት ስለነበር እንባ ጠብ ሳይላት በቀብሩ ማግስት ሥራ ገባች። አሁን ፎቶውን ስታየው የማታውቀው ሰው ይመስላታል።

አንድ ቀን አለቃዋ ሳምራዊት፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት መሐንዲስ፣ ካርታ አሳየቻት።

«እትዬ ትርንጎ፣ የእርስዎ ሰፈር ሰዎች ከመንገዳቸው ወጥተው አሮጌው የድንጋይ ካባ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ሲነቁ ደረታቸው ቀልቶ ነው።»

«እኔም ጭምር?»

«እርስዎም። ወደዚያ እንዳይወጡ መንገዱን ልቆልፈው ነው።»

«ቆይ እስቲ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ነቅቼ ልሂድና ልየው።»

«እስከ ነገ ብቻ እጠብቃለሁ» አለች ሳምራዊት።

ትርንጎ ያልነገረቻት ነገር ነበር። ደረት በለቅሶ ሲመታ ይቀላል፤ ምናልባት አካሏ ለገዛኸኝ እያለቀሰለት ይሆናል። እሷም ልታለቅስለት ፈለገች፤ ሳትችል መቅረቷ አሳፈራት።

በማግስቱ አእምሮዋን የሚያስተኛውን ክፍል ዘጋች። አካሏን ለአስካኟ ትታ ዐይኗን ብቻ ለራሷ አስቀረች፤ ሦስቴ ጨፍና ብትገልጥ መሣሪያዋ ጨርሳ ትጠፋለች። ከዚያ እግሯ ሳታዘው መራመድ ጀመረ።

ሜዳው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ቀልድ የማያልቅባቸው ጎረቤቷ አቶ ወንድይፍራው ከፊቷ ናቸው። ድንገት ሁሉም በአንድ ላይ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። የሷም እጅ ተነሣ። የገዛኸኝን ስም ለመስማት ጓጓች።

«ወይኔ ትርንጎዬ! በቁምሽ የሄድሽው!» አለ የገዛ አፏ።

«ወይኔ ወንድይፍራው! ወይኔ ጨዋታ አዋቂው!» አለ የአቶ ወንድይፍራው አፍ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ስም ይጣራሉ። አካላቱ የሚያለቅሱት ውስጣቸው ለተኛችው ለገዛ ነፍሳቸው ነበር።

ትርንጎን ፍርሃት ወረራት። «አለሁ እኮ!» ልትል ፈለገች፤ አፏ አልታዘዛትም። ሦስቴ ጨፍና ገለጠች።

የአራት ወሩ ሐዘን ባንድ ጊዜ መጣባት። መሬት ላይ ተደፋች። «ገዛኸኝ! ገዛኸኝዬ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ የሚያም ነገር መኖሩን ረስታው ነበር።

ክቡ ደረት መምታቱን ተወ። የተኙት ሰዎች ዐይናቸውን ሳይገልጡ አንድ በአንድ መጥተው ዙሪያዋን ተቀመጡ። የአቶ ወንድይፍራው እጅ ትከሻዋን ነካ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ አፋቸው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ያላት ሰው አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ትርንጎም ተከተለቻቸው። አቶ ወንድይፍራው ደጃቸው ላይ ሲደርሱ ነቁ።

«ትርንጎ! ምነው ዐይንሽ አበጠ? እኔስ ዛሬ ሰውነቴ ቅልል ብሎኛል» አሉ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ። ደረታቸው በርበሬ መስሏል።

ስልኳ ጠራ። ሳምራዊት ናት።

«አትቆልፊው» አለቻት ትርንጎ። «ሌላ የሚያለቅስላቸው የለም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ አቶ ወንድይፍራው።»

«እኔን? ማን ሞተብኝ ብለሽ?» አሉና ከት ብለው ሳቁ።