ልጓም የገባለት ሽጉጥ

በሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ የብረት ሠሪዎች መንገድ እንደ ወትሮው በመዶሻ ድምፅ ሳይሆን በሕፃናት ጫጫታ ነቃ። በጠመንጃ ሠሪው ሱቅ ደጃፍ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሆናቸው ሃያ ሰባት ልጆች ተሰልፈው ነበር፤ ገሚሱ አፍንጫውን ሳይጠርግ፣ ገሚሱ የታላቁን ጫማ እየጎተተ የመጣ ሲሆን፣ ሁሉንም ያሰባሰባቸው አንድ ወሬ ነው፤ ሽማግሌው የሚሰጡትን ብረት አጥብቆ የጨበጠ ስኳር ያገኛል። መጨበጥ ያቃተውም ያገኛል ብለው ያስወሩት ግን የሽማግሌው ባለቤት ናቸው፤ እሳቸው ልጅ ሲያለቅስ ማየት አይሆንላቸውም።

ጠመንጃ ሠሪው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ነገርን ሁሉ ካልሞረዱ አይለቁምና ከተማው «ሞረዱ» ይላቸዋል፤ ባለቤታቸው እንደሚያወሩትማ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ቃል ከመግባታቸው በፊት ቃሉን ሁለት ጊዜ አርመውታል። ያን ዕለት በእጃቸው የነበረው የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ባዶ አካል ነው፤ አፈሙዙ ተነቅሎ፣ የጥይት ማጉረሻው ወጥቶ፣ የቀሩት መያዣው፣ ቃታውና ጥይቱን የሚመታው መምቻ ብቻ ናቸው። በመያዣው ጀርባ ላይ ግን በዚያ ከተማ ታይቶ የማይታወቅ የብረት ምላስ ተገጥሞበታል፤ መዳፍ ይህን ምላስ አጥብቆ ካልተጫነው ቃታው ንቅንቅ አይልም። ሽማግሌው ስሙን «ልጓም» ብለውታል፤ ሦስት ዓመትም ደክመውበታል።

ምክንያቱን ያልሰማ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ዘበኛ ልጅ፣ ገና በአራት ዓመቱ፣ አባቱ ትራስ ሥር ያኖረውን ሽጉጥ አግኝቶ በዚያው ሞተ፤ ያን ሽጉጥ ሳምንት ቀድመው ጠግነው «ቃታው አሁን እንደ ቅቤ ሆኗል» እያሉ በኩራት ያስረከቡት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘበኞች ተራቸውን ሲጨርሱ መሣሪያቸውን በዘብ ቤቱ የብረት ሣጥን ቆልፈው እንዲሄዱ ታዘዘ። ዘበኞቹ ሣጥኑን ጠሉት፤ ወረፋው አሰልቺ፣ ቁልፍ ያዡም ነዝናዛ ነበር። ሽማግሌው ግን ስለ ሣጥን አላሰቡም፤ ልጅ ሊተኩሰው የማይችል ሽጉጥ ካልሠሩ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ለራሳቸው ነግረውት ነበር።

«እንዲህ ያዢው እንጂ የኔ ልጅ!» አሉ ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ፤ «መዳፍሽን በዚህ፤ አመልካች ጣትሽን በዚህ፤ ጎሽ! አሁን በደንብ ጨምቂ!»

ልጅቱ ፊቷ እስኪቀላ ጨመቀች፤ ምላሱ ትንሽ ገባ አለ እንጂ ቃታው በጀ አላለም። ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ምላሱን የሚገፋውን ሞላ ጥቂት አጠበቁትና ቀጣዩን ጠሩ። እንዲህ እያሉ ሃያ ሰባቱንም ጨረሱ፤ አንድም ልጅ አልቻለም።

በቀትር የዘበኞቹ አዛዥ ሻለቃ በሁለት ሎሌ ታጅበው መጡ።

«እህ፣ ተሳካልዎት?»

«ሃያ ሰባት ልጅ ሞክሮ አንዱም አልቻለም፣ ጌታዬ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት! እንግዲያው ነገ ጠዋት በሹማምንቱ ፊት ይህንኑ በመሐላ ይናገራሉ። አራት መቶ ሽጉጥ ልጓም ይገባለታል፤ ያ የተረገመ ሣጥንም ይቀራል፤ ዘበኛው መሣሪያውን እንዳጎረሰ ታጥቆ ቤቱ ይገባል። እርስዎም የመሣሪያ ቤቱ አለቃ ይባላሉ!»

ሽማግሌው እጅ ነሡ። ይህን ማዕረግ አርባ ዓመት ሙሉ ሲመኙት ኖረዋል፤ ሻለቃው ከወጡ በኋላ ባለቤታቸውን ብድግ አድርገው ሊያሽከረክሯቸው ሞከሩና ወገባቸው ከለከላቸው።

«ቀስ ይበሉ አንቱ፣ አለቃ ሳይባሉ ይሰበራሉ!» አሉ ባለቤታቸው፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው።

በዚህ ሳቅ መሃል የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ወጣች። ቤተሰቡ «ሚጣ» ይላታል፤ ጠዋት ሆዷን አሟት ተኝታ ስለነበር ወረፋውም ስኳሩም አምልጧታል።

«አባባ፣ የኔስ ተራ?»

ሽማግሌው መሣሪያዎቻቸውን እየሰበሰቡ ነበርና ቀና ብለው ሳያዩ፣ መምቻው እንደ ተሳበ ብረቱን አቀበሏት። ሚጣ በአንድ እጇ ሞከረችው፤ አልሆነም። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ መያዣውን ወደ ፊት፣ አፈሙዝ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ራሷ አዞረች፤ በሁለት እጆቿ ጣቶች ሁሉ ምላሱን አቅፋ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በቃታው ላይ አስቀምጣ ገፋች።

መምቻው ቀጭ አለ።

«ቻልኩ!» አለች። ቀዳዳው በቀጥታ ደረቷን ያይ ነበር።

ሽማግሌው ብረቱን ከእጇ ወሰዱት፤ ከዚያም ልጅቱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ጠዋቱን ሙሉ የሠሩት ስሕተት አሁን ወለል ብሎ ታያቸው። ሙያቸው ነውና ሃያ ሰባቱንም ልጆች አንድ በአንድ እንደ ዘበኛ አያያዝ አስተምረዋቸዋል፤ ትራስ ሥር ሽጉጥ ያገኘን ሕፃን ግን «እንዲህ ያዘው» የሚለው ማንም የለም።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሞላውን ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ ዋሉ። ሚጣ እስክትሸነፍ ሲያጠብቁት ጎረቤታቸው ያለው ጡረተኛ ዘበኛ፣ ጣቶቹን ቁርጥማት የያዛቸው፣ ሊተኩሰው አቃተው፤ እሱ እስኪችል ሲያላሉት ሚጣ እየሳቀች ደገመችው።

«ምን ባደርግ ይሻላል፣ እመቤቴ?» አሉ በመጨረሻ። «ብረቱ መጨበጡን እንጂ ማን እንደጨበጠው አያውቅም።»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ሲወድቅ እንዳይተኩስ ያደርገዋል አላሉኝም ነበር?»

«ያደርገዋል። ኪስ ውስጥም በገዛ ራሱ አይተኩስም።»

«ታዲያ የሚችለውን ይንገሩላቸው፤ የማይችለውንም ይንገሩ። ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል እንጂ መልሱን እርስዎም ያውቁታል።»

«ማዕረጉስ?»

«እኔ ያገባሁት ሞረዱን ነው፤ አለቃ ቢሆኑማ ማን ይችልዎታል?»

በማግሥቱ በሸንጎው አዳራሽ ዘጠኝ ሹማምንት ተቀምጠው፣ ሻለቃው ቆመው፣ ጸሐፊው ብዕሩን አሰናድቶ ሳለ ሽማግሌው ካባቸውን ለብሰው ገቡ። «ይማሉ» ሲባሉ አልማሉም፤ ካባቸውን ሰብስበው ወለሉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና እግራቸውን እንደ ሕፃን ዘረጉ። ከሹማምንቱ ሦስቱ ሳቁ። ሽማግሌው ባዶውን ብረት ወደ ራሳቸው አዙረው፣ በጣቶቻቸው አቅፈው፣ በሁለት አውራ ጣታቸው ገፉት፤ ቀጭ ማለቱም በአዳራሹ ተሰማ።

«ትናንት የልጅ ልጄ ያደረገችው ይህን ነው» አሉ ከተቀመጡበት። «ስድስት ዓመቷ ነው። ልጓሙ የወደቀን ሽጉጥ ዝም ያሰኛል፤ ስለዚህ ግጠሙት። በሱ ተማምናችሁ ሣጥኑን ከሻራችሁ ግን ልጅ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ደሙ በኔ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ስለተሸከምኩት ክብደቱን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

«በሆድዎ ቢይዙት ማን ያውቅብዎ ነበር?» አሉ ሻለቃው ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ማንም፣ ጌታዬ። ለዚህ ነው የመጣሁት» አሉ ሽማግሌው፤ ከወለሉ ለመነሣትም ሁለት ሰው አስፈለጋቸው።

ሸንጎው ሣጥኑ ባለበት እንዲጸና፣ ልጓሙም እየተሞከረ በአርባ ሽጉጥ ብቻ እንዲገጠም ወሰነ። የመሣሪያ ቤቱ አለቅነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሽማግሌው ቅር አላላቸውም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው በእጃቸው ሞረድ አስይዘዋቸው ወደ ሱቁ ገፉዋቸው፤ ሚጣም ከኋላ እየገፋች ረዳች።

የዚያ ዓመት የሸንጎው መዝገብ ስለ ሽማግሌው የያዘው አንድ መስመር ነው፤ «ልጓም የተባለው ሥራ ተፈትኖ በሕፃን ተረታ» ይላል። ስማቸውን እንኳ አልጻፈም። ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገለ፤ በእነዚያ ዓመታት በዚያ ከተማ በአባቱ ሽጉጥ የሞተ የዘበኛ ልጅ የለም፤ ይህንንም መዝገቡ አላሰፈረውም፤ ያልሆነ ነገር አይመዘገብምና። ዘበኞቹ ግን በየምሽቱ በነዝናዛው ቁልፍ ያዥ ፊት ተሰልፈው፣ ይህን መከራ ያጸኑባቸውን ሽማግሌ አጥንታቸው ድረስ እየረገሙ፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ልጆቻቸው ገቡ።