የቀኝ አውራ ጣት

«አቁሙ! አቁሙ!» የሙዚቃ መምህሩ የኖታ ማስቀመጫውን በእርሳስ ደበደቡ። ባንዱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ወደ አንዷ ክላርኔት ተጫዋች ልጅ ዞረ። «ፉጨት፣ አሁንም ዘገየሽ! ትናንት ተለማምደሻል?»

ፉጨት የተባለችው መጀመሪያ የነፋች ቀን ክላርኔቱ ሲጢጥ ስላለባት ነው። ስሙ በዚያው ተጣብቆባት ቀረ።

«አልተለማመድኩም» አለች።

ውሸቷን ነው። ትናንት እራቷ እስኪቀዘቅዝ መኝታ ቤቷን ዘግታ ስትለማመድ ነበር። ችግሩ ቀኝ አውራ ጣቷ ነው። የክላርኔቱ ክብደት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ቀዳዳ ሲከፍቱና ሲዘጉ እሱ ከሥር ሆኖ ይሸከማል። ከወር ወዲህ ታዲያ እስከ እጅ አንጓዋ ድረስ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛታል። ሲጠዘጥዛት ጣቶቿ ይደርቃሉ፤ ሲደርቁ ትዘገያለች።

ግን አመመኝ ብትል፣ ቅዳሜ ወላጆች ፊት ብቻዋን የምትጫወተው ሶሎ ለቀጮ መሰጠቱ ነው። ቀጮ አጠገቧ የሚቀመጠው ሁለተኛው ክላርኔት ተጫዋች ነው። ሶሎውን በቃሉ እንደያዘው ታውቃለች፤ ሲያንጎራጉረው ሰምታዋለች። ስለዚህ ሰነፍ መባልን መረጠች። መምህሩ ደግሞ በየቀኑ «ዛሬ እጥፍ ትለማመጃለሽ!» ይሏታል። እጥፍ ትለማመዳለች፣ እጥፍ ያማታል፣ በነጋታው ብሶባት ትዘገይና ያንኑ ውሸት ትደግማለች። የዕብድ ሥራ!

ቤትም ሰላም የለም። ማንኪያ በግራ እጇ ስትይዝ ያየቻት እናቷ «እጅሽን ያሳመመው ስልክ ነው! ሌላ ምንም አይደለም፣ ስልክ ነው!» አለች። ታላቅ ወንድሟ የኳስ ሜዳ ቅባቱን ቀባትና ክፍል ውስጥ ሁሉም አፍንጫውን ሲይዝባት ዋለ። አጎቷ ደግሞ «ሙዚቀኛ ሁሉ ያመዋል፣ ቻይው» አላት። አጎቷ በሕይወቱ የነፋው ፊኛ ብቻ ነው።

«በሉ፣ ከሶሎው!» አሉ መምህሩ።

አራተኛው መስመር ላይ አውራ ጣቷ ከዳት። ክላርኔቱ ሲንሸራተት በጉልበቶቿ ያዘችው። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

«አልተለማመድሽም፣ አይደል?»

«አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ድንገት ሁሉም ነገር አንገሸገሻት፤ ቅባቱም፣ ስልኩም፣ እጥፉም፣ ከሁሉ በላይ የራሷ ውሸት።

«ተለማምጃለሁ!» ብላ ጮኸች። «በየቀኑ! በሕልሜ ሳይቀር! እጄን ያመኛል፣ ቲቸር!»

መምህሩ መጥተው እጇን አዩ። የአውራ ጣቷ ሥር አብጧል።

«እኔ ደግሞ እጥፍ ተለማመጂ እላለሁ!» አሉ፤ በማን እንደተናደዱ አልታወቀም። «ለእናትሽ እደውላለሁ። ሐኪም ሳያይሽ ክላርኔት አትነኪም።»

«ቅዳሜስ?»

የመምህሩ ዓይን ቀጮ ላይ አርፎ ተመለሰ። ቀጮ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

እንባዋ መጣ። በእጅጌዋ ጠረገችውና ክላርኔቱን ፈታትታ ሣጥኑ ውስጥ አስገባች። ከዚያ የሶሎውን ወረቀት አንስታ ቀጮ ፊት አቆመችው።

«አራተኛው መስመር ላይ አትቸኩል» አለችው። «ትንፋሽህን ቀድመህ ያዝ። ደግሞ እንዳትለምደው!»

ወንበሯን ግን አልለቀቀችም።