በቁማችን የሰማነው መርዶ

እኔ ሰይድ፣ ጂን ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «በል ውሃ ጠጣና ተኛ» የምል ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደግሞም ሹፌር ነኝ፤ ያኔ በጃንሆይ ዘመን፣ የጥጥ እርሻው እንደ ጉድ በሚስፋፋበት ጊዜ፣ ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ እኔን የሚያህል ሹፌር አልነበረም፣ ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቀያሹ አቶ ጌታቸው ለእርሻ የሚሆን አዲስ መሬት ሊያዩ፣ አፋሩ ሁመድ ደግሞ አገሩ ነውና መንገድ ሊመራን፣ ሦስታችን በነጯ ላንድሮቨር ከሎጊያ ተነስተን፣ ዛሬ ሰመራ የተሠራችበትን ድንጋያማ ሜዳ አልፈን መኪና ረግጦት የማያውቅ በረሃ ገባን። ሄደን ሄደን አቶ ጌታቸውን ወባ ጣላቸው። ገላቸው እንደ እሳት ይፋጃል፣ «ሰይድ፣ ልጆቼ ጋ አድርሰኝ» ይላሉ፣ ውሃችንም እያለቀ ነው። አቋራጩ የደረቀ ወንዝ ነበር፣ በአሸዋው ላይ ከነዳሁ ሳይመሽ ሎጊያ ነን፤ ሌላው መንገድ ጎማ የሚበላ ጥቁር ድንጋይ ነው። መቼም ሰው እየሞተበት ድንጋይ የሚመርጥ የለም፣ ወደ ወንዙ አመራሁ።

አፋፉ ላይ፣ በዚያ ቀትር፣ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ ግመል የለው፣ ፍየል የለው፣ የውሃ ስልቻ እንኳ የለው። ሁመድ «አቁም» አለኝ። አፋር ከአፋር ተገናኝቶ ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ ማለትም ያየውንና የሰማውን ወሬ ሳይነግረው አይተላለፍም። እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ቁጭ አሉ። እኔ በግኜ ክላክሱን ተጫንኩት።

ሁመድ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አለህ?»

«ነጭ መኪና እዚህ ወንዝ ገባ አለኝ። ጎርፍ መጣ፣ ሦስት ሰው ወሰደ። አንዱ የደጋ ሰው ነው፣ በሽተኛ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«አንተ! በዚህ በረሃ ከኛ ሌላ ምን መኪና አለ?»

«እኔም እሱን አልኩት። መኪናው ያውና፣ እኔም ከነሱ ነኝ አልኩት። አንተን አየና ‹ኢና ሊላሂ› አለ።»

ለሞተ ሰው የሚባለውን ማለት ነው። ወላሂ፣ ዞሬ አየሁት። ሽማግሌው አሁንም እዚያው ነው፣ ባዶውን አሸዋ እያየ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ሰማዩ ላይ ደመና ለመድኃኒት የለም።

«ዳጉ ላይ ውሸት የለም» አለ ሁመድ።

ልስቅበት ፈልጌ ነበር፣ እመኑኝ፣ እጄ ግን መሪውን ወደ ድንጋዩ አዞረው። ያን ቀን እኔ የነዳሁትን ማንም አይነዳውም፣ በኩራት ነው የምናገረው፣ መኪናዋን አንዴ በጎኗ አንዴ በአፍንጫዋ እያስኬድኩ። ትንሽ እንደራቅን ከኋላችን ጉርምርምታ ሰማን፤ ደጋ በዘነበ ዝናብ የመጣ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ወንዙን ሞልቶ ወረደ። አቶ ጌታቸውን በሕይወታቸው ሎጊያ አድርሼ ለክሊኒኩ ድሬሰር አስረከብኩ፣ ዳኑም፣ ልጆቻቸውንም ዳሩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሎጊያ ነዳጅ ስቀዳ ሁመድ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ተቀምጧል፣ ጠጋ ብዬ ምን እንደነገረው ጠየቅሁት።

«ሦስት ሰው በጎርፍ ሞተ አልኩት።»

«አብደሃል? ይኸው አለን አይደል!»

«መኖራችንንም ነግሬዋለሁ። የሰማሁትን እንደሰማሁ፣ ያየሁትን እንዳየሁ ነው። መደበቅ አልችልም።»

ሰውየው ተነሥቶ መጣ፣ የሕያው እጅ መሆኑን እንደሚያጣራ እጄን ያዝ አድርጎ ቆየ፣ ከዚያ ለቀቀኝና ሄደ።

ከሁለቱ ወሬ የቱ ቀድሞ የት እንደደረሰ አላህ ይወቅ። እኔ አለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ብቻ ሰመራ መናኸሪያ አንድ የአፋር ሽማግሌ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰላም እለዋለሁ፣ እስኪመልስልኝም ከዚያ አልንቀሳቀስም።