ለጥላው ወይስ ለፀሐዩ

«በይ እንጂ አንሽን! ፀሐዩ አናቴን በሳው» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

ደስታነሽ ካሜራውን ከዓይኗ አወረደች። ከጧት ጀምሮ እንግዳ ስታስተናግድ እግሯ ዝሏል። አያቷ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ዛሬ ቢቸናን ለቀው ዋልድባ ሊመንኑ ነው። ዋልድባ የገባ አይመለስም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ከነገ ጀምሮ ግን ሞጣ፣ አክስቷ የሺእመቤት ቤት ትኖራለች። በቅሎው ተጭኗል፤ አብረዋቸው የሚሄዱት መነኮሳት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ካሜራው የአስተማሪዋ የመምህር ይርሳው ነው። የቀረው ፊልም ለአንድ ፎቶ ብቻ ይበቃል።

በስልሳ ሁለቱ ፋሲካ ያነሳችው ፎቶ ደብረ ማርቆስ ታጥቦ ሲመጣ አልቅሳ ነበር። እንደ ዛሬው ሁሉ አያቷን ለክብራቸው ወይራው ሥር አስቀምጣ፣ ሌላውን ዘመድ ፀሐይ ላይ ደርድራ ነበር። የዘመዱ ፊት ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የሳቸው ከሰል መሰለ። የሺእመቤት ግን «እኔስ አምሮብኛል!» ብለው ፎቶውን ይዘውት ሄዱ።

«ዓይንሽ ጥላውንም ፀሐዩንም ያያል፤ ፊልም ግን ያን ያህል አይችልም» ብለዋት ነበር መምህሩ። «ሁሉንም ጥላ ውስጥ አስገቢ፤ አለዚያም ሁሉንም ፀሐይ ላይ አውጪ። ካልሆነ ለማን እንደምታነሺ ወስኚ።»

ወይራው ገና ለጋ ነው፤ ጥላው ከአንድ በርጩማ አያልፍም። አያቷን ፀሐይ ላይ እንዳታወጣ የታመሙት ዓይኖቻቸው ብርሃን ሲነካቸው ይጨፈናሉ። ጥላውንም ፀሐዩንም በአንድ ፎቶ አሳያለሁ ብትል ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኗ ነው።

«እትዬ፣ ለጥላው ካነሳሁ የእናንተ ፊት ነጭ ሆኖ ይጠፋል» አለች።

«ለፀሐዩ አንሺያ! እንደ ፋሲካው።»

«ያኔ አባባ አይታዩም።»

«አባባን የማያውቅ ማን አለ? ደሞ ነገ የምትመጪው እኔ ቤት መሆኑን እንዳትረሺ!»

ደስታነሽ ፈራች። ካኮረፈ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ታያት። ደግሞም ደክሟታል፤ «እሺ» ብላ ብታነሳቸው ትገላገላለች።

«ተዪው ልጄ» አሉ አያቷ። «ለመናኝ ፎቶ ምን ያደርግለታል?»

«ለእርስዎ አይደለም አባባ። ለእኔ ነው» አለች።

ሌንሱ ዙሪያ ያለውን የብርሃን መመጠኛ ቀለበት ለጥላው እንዲሆን አዞረችው። ከዚያም በተሰለፈው ዘመድ መሀል አልፋ፣ የአያቷ ፊት ብቻ እስኪታያት ድረስ ወደ ወይራው ተጠጋች።

ከኋላዋ የሺእመቤት ስሟን ጠሩ፤ አልዞረችም።

«አባባ፣ ወደ እኔ ይዩ» አለችና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነችው።