ከዶሃ ማኒላ ዘጠኝ ሰዓት

«ዶሃ ከኛ በአምስት ሰዓት ወደኋላ ነው» አለች ሊዋይ። «አውሮፕላኑ ደግሞ ከሰባት ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው የሚበረው። ቆይ፣ ላስብበት።»

ጆይሰል ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ጠበቀች። እናቷ ከአራት ዓመት በኋላ ልትመጣ ነው። ጠዋት በላከችው የድምፅ መልእክት «ዛሬ በዶሃ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ፤ በረራው ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል» ብላ የዶሃውን የስልክ መስመር ዘግታዋለች።

«ሂሳብ ላይ ድንጋይ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ» አለች ጆይሰል። «ስንት ሰዓት ላይ እንቀበላት?»

ሊዋይ መልሱን አስቀድማ አውቃዋለች። በማኒላ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት።

«ጠዋት አራት ሰዓት» አለች።

«እፎይ፣ እንቅልፋችንን እንጠግባለን። የኔ ጎበዝ!» ጆይሰል ጉንጯን ሳመቻት።

ሊዋይ ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገችው።

ዓምና መርከበኛው አባቷ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ሲዛወር ማኒላ አየር ማረፊያ ላይ ለአንድ ከሰዓት ብቻ አርፎ ነበር። ሊዋይ ያኔ ስልክ ስላልነበራት እናቷ የደወለችው ለጆይሰል ነው፤ ልጄን ቶሎ ላኪልኝ ብላ። ጆይሰል ግን «የአባትሽ በረራ ለነገ ተላልፏል፣ እናትሽ ነግራኛለች» አለቻት። የዳንስ ውድድራቸው ያን ዕለት ስለነበር ሊዋይ ከቡድኑ እንድትቀር አልፈለገችም። ሦስተኛ ወጡ። አባቷ በማግስቱ ከሩቅ ደውሎ «ከመስታወቱ ውጪ ያየሁት ልጅ ሁሉ አንቺን ይመስለኝ ነበር» አላት። ጆይሰል ይቅርታ እንኳ በወጉ አልጠየቀችም፤ «ደግሞ ይመጣል እኮ» ብላ ሳቀች።

አሁን ተራው የጆይሰል ነው። ሊዋይ ቤቷ እስክትደርስ በጂፕኒ ታክሲው መስኮት እያየች ፈገግ አለች።

ሊመሻሽ ሲል የጆይሰል አያት፣ እማማ ፔሊንግ፣ ለነገ ድግስ ትልቅ ድስት እንድታውሳቸው ወደ ሊዋይ እናት መልእክት ላኩ። ሊዋይ ድስቱን ይዛ ስትገባ ጆይሰል ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን መልእክት ታሰማቸው ነበር።

«ከበሩ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ፊታችሁን ይሁን» ይላል ድምፁ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እማማ ፔሊንግ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ግቢ ልጄ፣ ምነው ቆምሽ?»

ሊዋይ ድስቱን አስቀመጠች። ያቺን ሴት በሐሳቧ አየቻት፤ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ቀና እያለች ስታይ። እሷ ምን አደረገችኝ?

«ጆይሰል፣ ውጪ ነይ እስቲ።»

በሩ ላይ ቆሙ።

«የምትደርሰው ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ያልኩሽ ውሸት ነው።»

«ተሳስተሽ ነው?»

«አይደለም። ሆን ብዬ ነው። አንቺ አባቴን እንዳሳጣሽኝ፣ አንቺም እንድታጪያት ነው የፈለግኩት።»

ጆይሰል ቀስ ብላ «ሊዋይ... ያን ጊዜ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ተይው። ቀደም ብላችሁ ተነሱ፣ መንገዱ ይዘጋጋል።»

«አብረሽን ትመጫለሽ? መኪናው ላይ ቦታ አለ።»

ሊዋይ ጥቂት አሰበች። ንዴቷ አሁንም ደረቷ ውስጥ ነበር፤ ያለፈ ነገር ነው ብሎ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

«አልመጣም» አለች። «ለእናትሽ ግን ሰላም በያት።»

ደረጃውን ወርዳ ማካፋት በጀመረው ዝናብ ውስጥ ሄደች።