ባርኔጣ ሊገዛ የወጣው ሰው

ባለወፍጮው ሽማግሌ ንጋት ላይ አልጋቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ተጠርታ የመጣችው የመርከቧ ሐኪም የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ በባትሪ አየች፤ የቀኙ ብሌን ሰፍቶ የግራው ጠቦ አገኘችው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል ማለት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግንባራቸው ላይ እንቁላል የማታክል እብጠት አይታ «ይተኙ፣ ይረፉ» ብላ የሄደችው ደግሞ ራሷ ናት፤ ማን ላይ ታላክከው!

ወዲያው ጉድ ፈላ። የሟቹ ልጅ «አባቴን ገደለችብኝ! ምንም ሳትጠይቅ፣ ምንም ሳትመረምር!» እያለ ኮሪደሩን በጩኸት ቀወጠው። ካፒቴኑ ሐኪሟን ወደ ክሊኒኳ አስገባና በሩን ከውጭ ቆለፈባት።

«ነገ ጠዋት ወደብ እስክንገባ ነው ዶክተር» አለ በበሩ ክፍተት። «ከዚያ ፖሊስ ያሻውን ይበል። እኔ ምን ላድርግ? ሁለት ሰው አልጠየቀችንም እያለ!»

ክሊኒኩ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት ነው። ስንት ጊዜ እንደለካችው እሷ ትወቀው። ክቡ መስኮት አይከፈትም፤ ማዕበሉ እየተነሳ መስታወቱን በጥፊ ይለዋል። ማታ ነፋሱ አንቴናውን ስለሰበረው ወደ ውጭ ስልክ መደወልም ቀርቷል። «መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ» ብላ እናቷን በደስታ ያስጮኸቻት ገና ከሦስት ወር በፊት ነው። ሰባት ዓመት ተምራ ያገኘችው የሥራ ፈቃድ ነገ ሊነጠቅ፣ ምናልባትም እሷ ራሷ እስር ቤት ልትገባ ነው። የባሰው ግን ይሄ አልነበረም። «እውነት ጠይቄያለሁ? ወይስ የጠየቅኩ መስሎኝ ነው?» የሚለው ሐሳብ አንጎሏን ይበላት ጀመር።

እኩለ ቀን ሲቃረብ በሩ ተከፈተና ካፒቴኑ አንዲት አጭር አሮጊት አስከትሎ ገባ። ሴትዮዋን መንገደኛው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ማን እንዴት እንደሞተ ሲያጣሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሾርባው ለምን ቀዘቀዘ፣ መርከቧ ለምን ወደ ግራ ታዘነብላለች እያሉ አስተናጋጁንም መካኒኩንም መፈናፈኛ ስላሳጡ «እትዬ ለምን» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስሙን ሲሰሙት ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ ልጄ። ምንም አትዝለዪ።»

ሐኪሟ ነገረቻቸው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መርከቧ ስትናጥ ሽማግሌው ደረጃ ላይ ተንሸራተው ግንባራቸውን መቱ። ልጃቸውና አማቻቸው ደግፈው ክፍል 614 አስተኟቸው። እሷ ደርሳ ስትመረምራቸው ይናገራሉ፣ ሰው ይለያሉ። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ግን አንድ ምግብ አብሳይ በፈላ ዘይት ተቃጠለ ተባለና ወደ ክሊኒኳ ሮጠች።

«ቁስሉን እያሸግኩ ያልጠየቅኩት ነገር ትዝ አለኝ። 614 ደወልኩ። “ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ?” አልኩ። የወንድ ድምፅ ነው፤ “የለም፣ ምንም መድኃኒት የለም” ብሎ ዘጋው። ኋላ ተመልሼ ሳያቸው ነቅተው አናገሩኝ፤ “ይተኙ፣ ይረፉ” ብዬ ወጣሁ።»

«የማን ድምፅ?»

«መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ምግብ አብሳዩ ዋይ ዋይ ይላል። የሽማግሌው አይደለም። ወይ ልጃቸው ነው ወይ አማቻቸው። ሁለቱም ስልክ አላነሳንም፣ አልጠየቀችንም ብለው ይምላሉ።»

«አዎ ብሎሽ ቢሆንስ?»

«ያኔውኑ ሄሊኮፕተር ነዋ! ደሙን ያቀጠነ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ተኛ አይባልም።»

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርስልን ነበር። ነፋሱ የባሰው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው አንድ በአንድ እዚሁ አምጡልኝ» አሉ እትዬ ለምን። «እሷም ትስማ። የታሰረችው እሷ ናት።»

መጀመሪያ የገቡት የሟቹ ባለቤት ናቸው። ከትናንት እኩለ ቀን ጀምሮ ባሕሩ አጥወልውሏቸው ከጎን ባለው ክፍል 615 ተኝተው ነበር፤ ዛሬም ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ነፍስ ይማር እህቴ። ባለቤትዎ ሕመም ነበረባቸው?»

«ኧረ ምንም! ብረት ነበሩ» አሉ ሴትዮዋ ቶሎ ብለው።

«ታዲያ አስተናጋጁን “ቅጠላ ቅጠል ሐኪም ከልክሎኛል” ይሉት የነበረው ለምንድን ነው? ክንዳቸው በተነካ ቁጥር የሚበልዘው ለምን ነበር? በምላጭ የማይላጩትስ? ይህ ሁሉ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ነገር ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና አለቀሱ። «ልባቸው ነው። ደም ማቅጠኛ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው» አሉ። የጉዞ ኢንሹራንሱን የገዙ ጊዜ ሻጩ በሽታ ካለ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው አላቸው። የቱን ያህል እንግዛ በሚል ቤተሰቡ አንድ ምሽት ሙሉ ሲነታረክ አመሸ። በመጨረሻ ትንሹ ተገዛ፤ ቅጹ ላይም «በሽታ የለም» ተባለ። «ክኒኑን ቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥነው፣ ሰው እንዳያይ። ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ብፈልገው የለም። እኔ ልጥፋ፣ እኔ ልቅደም!»

«ክኒኑን ማን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም።»

«እሳቸውስ በትንሹ ተስማሙ?»

«ዝም አሉ። የተሳፈርን ቀን ግን ባሕሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ባርኔጣ ልግዛ” ብለው ወደቡ ላይ ጠፉብን። አንድ ሰዓት አስጠብቀውን ባዶ እጃቸውን መጡ።»

«ለምን?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

እትዬ ለምን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው እንዴት ሳይጠይቅ ይቀራል የሚለው ነገር መቼም አይገባቸውም።

ቀጥሎ አማቹ ገባ። አስተማሪ ነው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ቸፍ ብሏል።

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። “የለም” ብዬ የጻፍኩትም በገዛ እጄ ነው። አልክድም። በዚህ ቤት ጸሐፊ ነኝ እንጂ ምን ሥልጣን አለኝ እትዬ? ትልቁን እንግዛ፣ ባሕር መሃል ሆስፒታል የለም ብዬ ለምኛለሁ። የሚስቴ ወንድም “ለአንድ ሳምንት ሽርሽር ይህን ሁሉ ብር ባሕር ውስጥ መወርወር ነው” አለ። የወፍጮ ቤቱን ሥራ የያዘው እሱ ነዋ።»

«አባባን ካስተኛችኋቸው በኋላ የት ነበርክ?»

«615፣ ለአማቴ ባልዲ ይዤ። አላፍርም፣ ሁለት ጊዜ አንሶላ አስቀይሬላቸዋለሁ።»

«አይተውሃል?»

«ራሳቸውን መች ያውቁ ነበር!»

የሐኪሟ ጥርጣሬ ወደዚህ ሰው አደላ። ቅጹን የሞላው እሱ ነው፣ ውሸቱ ከወጣ ተጠያቂው እሱ ነው፣ ምስክርም የለው። «ይሄ ነው፣ በቃ» አለች በሆዷ።

በመጨረሻ ልጁ ገባ። ሐኪሟን በዓይኑ እያቃጠላት ቆሞ መለሰ።

«በረዶ ላመጣ ባር ወርጄ ነበር። ለእብጠቱ። ወረፋው ግማሽ ሰዓት አቆመኝ። ስመለስ አባዬን እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። ይልቅ እቺን ጠይቋት!»

«እጠይቃታለሁ ልጄ፣ አትቸኩል» አሉ እትዬ ለምን። ከካፒቴኑ የስልክ መዝገቡንና የ614ን ቁልፍ ተቀብለው ወጡ። በሩ እንደገና ተቆለፈ። ሐኪሟ ስድስቱን እርምጃ ወዲያ፣ ስድስቱን ወዲህ እያለች ሰዓቱን ገፋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ክሊኒኩ ውስጥ ታጨቁ። ለሟቹ ባለቤት ወንበር ተሰጣቸው፤ ልጁ መድኃኒት መደርደሪያውን፣ አማቹ ግድግዳውን ተደገፉ። ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ለምን የሟቹን የመላጫ ማሽን ከረጢት ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ።

«በአጭሩ ልናገር፣ አየሩም አይበቃንም» አሉ። «መዝገቡ እንደሚለው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ከክሊኒኩ ወደ 614 ተደውሏል፤ ተነስቷልም። ስለዚህ ይህቺ ልጅ ጠይቃለች። አላነሳንም ያላችሁትን ስልክ ከሁለታችሁ አንዱ አንስቶታል።»

ሐኪሟ ድንገት ቀና አለች። ጠይቃለች! አላበደችም! እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ።

«ማን አነሳው? በዚያችው ደቂቃ ከ615 ወደ ልብስ ማጠቢያው ተደውሏል። የማጠቢያዋን ልጅ አናገርኳት፤ “አማቴ ታመሙብኝ፣ አንሶላ ድረሱልኝ” እያለ የሚለምን ወንድ ነበር አለች። አንድ ሰው በሁለት ክፍል ስልክ አያነሳም። አስተማሪው ባልዲውን ይዞ ነበር።»

አማቹ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እኔም ባር ነበርኩ ብያለሁ!» አለ ልጁ።

እትዬ ለምን ወደ ካፒቴኑ ዞሩ። «ባሩ ትናንት ስንት ሰዓት ተዘጋ?»

«እኩለ ቀን ላይ። ጠርሙስ መርገፍ ሲጀምር ራሴ አስቆለፍኩት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።»

«የተቆለፈ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ወረፋ ጠበቅክ እንዴ ልጄ? አባትህ ግንባር ላይ የነበረውም ፎጣ በውኃ የራሰ ነው እንጂ በረዶ አልነበረበትም። ሐኪሟ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ሐኪሟ። «ሁለተኛ ልጎበኛቸው ስመለስም ያው ፎጣ ነበር።»

«ስለዚህ ከ614 አልወጣህም። መዝገቡ ሌላም ነገር ይዟል። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ከ614 ወደ ኢንሹራንሱ የአደጋ ጊዜ ስልክ ተደውሎ ስድስት ደቂቃ ተወርቷል። ክሊኒኩ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው፤ ገና ሲያነሱ “ይህ ንግግር ይቀዳል” ይላሉ። ነገ ወደብ ስንገባ ድምፅህ ይሰማል። እናትህ ከፖሊስ ከሚሰሙት ከአንተ ቢሰሙት አይሻልም?»

ልጁ በሩን አየ። ካፒቴኑ አለ። መስኮቱን አየ፤ ከውኃ በቀር ምንም የለም።

እናቱ ቀና አሉ። «ስንት አሉህ?»

«እማዬ...»

«ስንት አሉህ አልኩህ!»

«ያልተነገረ በሽታ ካለ ውሉ አይሠራም አሉኝ። ሄሊኮፕተሩንም ሆስፒታሉንም ራሳችሁ ትከፍላላችሁ አሉ። ወፍጮ ቤቱ ከነቦታው ቢሸጥ ነው የሚሸፍነው። አምስት ደቂቃ አሰብኩ። እብጠቷ ትንሽ ነበረች እማዬ! ያናግረኝ ነበር። ተኝቶ ይነሳል ብዬ... ስልኩ ሲጮህ የለም አልኩ። ጠዋት ሞቶ ሳገኘው ጠርሙሱን ባሕር ውስጥ ጣልኩት።»

«ጥፋቱንም እሷ ላይ ጣልከው» አሉ እትዬ ለምን።

እትዬ ለምን የመላጫውን ከረጢት ከፍተው ከስሩ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ይህንን ባያሳዩ በወደዱ።

«ይህን አገኘሁ። ወደቡ ላይ ካለ የሌላ ኢንሹራንስ ድርጅት መስኮት የተገዛ ውል ነው፤ ቀኑ የተሳፈራችሁበት ቀን ነው። የልብ ሕመማቸው ተጽፏል፣ የመድኃኒቱ ስም ተጽፏል። ሄሊኮፕተር አለበት፣ ሆስፒታል አለበት፣ ምንም አልቀረም። ባርኔጣ ሊገዙ አልነበረም የወጡት።»

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ መደርደሪያውን እንደተደገፈ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ለምን አልነገረኝም?» አለ። «ለምን?»

እናትየው መለሱለት።

«አንተን ፈርተው ነዋ። ገንዘብ አባከንክ ብለህ እንዳትቆጣቸው ፈርተው።»

ካፒቴኑ ልጁን ደግፎ አስነሳና ይዞት ወጣ። አማቹም ራሱን ደፍቶ ተከተላቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቀረ፤ የኮሪደሩ ነፋስ ገባ። ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሮ ስትመኘው የዋለችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን አልወጣችም። ወንበር ስባ የሟቹ ባለቤት አጠገብ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።