የኦቦ ነገሳ ጣት

ኢንስፔክተር ውባንቺ ሰበታ ከተማ ውስጥ ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ ጀርባ ወዳለው አዳራሽ ስትገባ ከሬሳው በፊት የተቀበላት ሽታው ነበር። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምሯል። በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ክፉ ሽታ ችላለች፤ ይሄኛው ግን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አልወርድም የሚል ዓይነት ነው።

ሟቹ ዶክተር ኪዳነወልድ የብረት ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ደረቱን የደቆሰውን የሮቦት ክንድ ገና አሁን ነው ያነሱለት። የለበሰው ነጭ ጋዋን አዲስ ነው፤ የማሸጊያው እጥፋት እንኳ አልጠፋም።

አዳራሹን የተከራየው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የብረት ክንዱ ከላይ በተሰቀለ ካሜራ እያየ ቆዳን በደረጃ እንዲለይ ሦስት ዓመት ሲያስተምሩት ቆይተዋል። ሰው ቢጫውን መስመር አልፎ ከገባ ካሜራው ያየዋል፣ ክንዱም ባለበት ይቆማል። እንዲህ ነው የሚባለው።

ገዳዩ ተይዟል ተብሏል። ኦቦ ነገሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆዳ በጣታቸው እየዳሰሱ ደረጃ ያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት የክንዱን ማስጀመሪያ ቁልፍ የተጫኑት እሳቸው ስለሆኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

«ከዚህ በላይ ምን ይጣራል?» አለ የሟቹ የምርምር ባልደረባ ዶክተር ቢንያም፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። «ሽማግሌው ማሽኑን እንደ ጠላት ነበር የሚያየው። እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው ይል ነበር።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሱሉልታ፣ ቤቴ። ጎረቤቶቼን ይጠይቁ፤ ሲደወልልኝ ገና ከግቢ አልወጣሁም።»

«ምስክር እንኳ ገና አልጠየቅኩዎትም» አለች። «ይሄን ጋዋን ማን አመጣው?»

«እኔ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች አሉን፤ ያ ቆሻሻ የሥራ ሰደርያ ፎቶ ላይ ያሳፍራል። ትናንት ማታ ለሁላችንም አደልኩ።»

ሰደርያዎቹ ብርቱካናማ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አፈር ያልለበሰ ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ ስለ ፎቶ የሚያወራ ሰው ውባንቺን ከቆዳው ሽታ በላይ አስጠላት።

የማስተርስ ተማሪዋ ሊቤ እንደ ልማዷ ሰደርያዋን አጥልቃ መስመሩን አለፈችና ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ከበባት፤ «ሰው» የሚል ጽሑፍም ብቅ አለ። ውባንቺ ተከትላት አጠገቧ ቆመች። ፖሊሷን ግን ምንም ሳጥን አልከበባትም። ይህን ልብ አለችና ወጣች።

ኦቦ ነገሳን ያገኘቻቸው ጥበቃ ክፍል ውስጥ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ነገሳ?»

«ምን ደህና አለ፣ ልጄ።»

«ቁልፉን ለምን ተጫኑት?»

«ጀምር ሲለኝ ነዋ! ሁልጊዜ ጠዋት እንዲህ ነው። ዶክተሩ ጠረጴዛው ጋ ይቆማል፤ ‹ኦቦ ነገሳ፣ ይጀምሩ› ይለኛል። እጫናለሁ። ክንዱ ይመጣና ፊቱ ደርሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ‹ዓይኑ ደህና ነው› ብሎ ይስቃል። ዛሬ ግን አልቆመም።»

«ማሽኑን ይጠሉታል ይባላል።»

«እኔ? ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ! እያንዳንዱን ቆዳ ዳስሼ ይሄ አንደኛ፣ ይሄ መዥገር የበላው እያልኩ። ዋቃ ያውቃል፣ እንደ ልጅ ነው ያሳደግኩት።»

ውባንቺ ወደ ሊቤ ተመለሰች።

«ካሜራው ሰውን እንዲያውቅ የተማረው በምንድን ነው?»

«በፎቶ። ዶክተር ቢንያም አሥራ ሁለት ሺህ ፎቶ አነሳ። የተነሳነው እኛው ነን።»

«ምን ለብሳችሁ?»

ሊቤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ሰደርያዎች ዞረች። ያለ ሰደርያ መስመሩን ማለፍ ክልክል ነው፤ ደንቡን እስከ ትናንት አንድም ቀን አልጣሱም። «ሰደርያ» አለች። «ሁሉም ላይ።»

«ሁለቱ ዶክተሮች ሰላም ነበሩ?»

«ባሳተምነው ጽሑፍ ላይ የማሽኑ ውጤት ተብሎ የገባው የኦቦ ነገሳ ምደባ ነበር። ያስገባው ዶክተር ቢንያም ነው። ዶክተር ኪዳነወልድ ደረሰበትና ‹እስከ ሰኞ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለው። የዶክተር ቢንያም የማዕረግ እድገት በዚያ ጽሑፍ ነው።»

«ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ያስቀምጣል?»

«ሰው አየሁ ያለበትን ፎቶ ብቻ።»

«ያለፈውን የሁለት ሳምንት አሳዪኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሬሳው ከተነሳ በኋላ፣ ሁሉም ቢጫው መስመር ጋ ቆሙ። ኦቦ ነገሳን ከነካቴናቸው አምጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የክንዱ ኤሌክትሪክ ተነቅሏል፤ ካሜራው ግን ያያል።

ውባንቺ በፖሊስ ልብሷ መስመሩን አልፋ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። ስክሪኑ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሰደርያ አውርዳ መጥረጊያ እንጨት ላይ ሰቀለችና ጠረጴዛው አጠገብ አቆመችው። ወዲያው አረንጓዴው ሳጥን ሰደርያውን ከበበው፤ «ሰው» አለው።

«ካሜራው ሰው አያውቅም» አለች። «ብርቱካናማ ጨርቅ ነው የሚያውቀው። ዶክተር ኪዳነወልድ ይህን ሳያውቅ በየጠዋቱ ክንዱ ፊት ቆመ። ሰደርያው አዳነው። ዛሬ በጋዋን ቆመ፣ ሞተ። ሊቤ፣ ለእንግዶቹ በጋዋን እንለማመድ ያለው ማን ነው?»

«ዶክተር ቢንያም። ትናንት።»

«በአጋጣሚ ነው!» አለ ቢንያም። «እኔ በምን አውቃለሁ?»

ውባንቺ ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ አስከፈተች። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ በምሳ ሰዓት የተነሳ ነው። በእንጨት የተሰቀለ ሰደርያ በአረንጓዴ ሳጥን ተከቧል። አጠገቡ ቢንያም በሸሚዝ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፤ እሱን ምንም አልከበበውም።

«ሰደርያህን አውልቀህ ስትሞክር ፎቶ እንደማይቀመጥ ታውቅ ነበር» አለች፤ አንቱታው ቀርቷል። «ካሜራው ያላየውን አያስቀምጥማ። ባዶውን ሰደርያ ስትሞክር ግን እሱን ሰው ብሎ አስቀመጠው፤ አንተም አብረህ ተነሳህ። ያን ፎቶ ማጥፋት ረሳህ።»

«ይሄ ምርምር ነው! ስህተት ማግኘት ወንጀል ሆነ?»

«አግኝተህ ለማን ነገርክ?»

ቢንያም መሀረቡን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ አየ።

«ለማንም። ጋዋን አደልክና ሱሉልታ ሄደህ ተኛህ። ዶክተር ኪዳነወልድን በእኚህ ሽማግሌ ጣት አስገደልክ፤ ነግቶ ደግሞ ጣትህን ወደ እሳቸው ቀሰርክ። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ እንዳንተ የቀፈፈኝ የለም።»

ቢንያም ወደ ሊቤ ዞረ። «የአንቺም ስም ጽሑፉ ላይ አለ። ይሄ ከወጣ አብረሽ ነው የምትጠፊው። አስቢበት።»

«ስሜን ከጽሑፉ አውጡልኝ» አለች ሊቤ፣ ወደ መሬት ተፍታ።

ፖሊሶች ቢንያምን ይዘውት ወጡ። ኦቦ ነገሳ ግን ካቴናቸው ተፈትቶም ከወንበሩ አልተነሱም።

«የተጫንኩት እኔው ነኝ» አሉ።

«አላወቁም፣ ኦቦ።»

«የዶክተር ኪዳነወልድ ቤት ቡራዩ ነው። ሚስቱ ታውቀኛለች፤ ባለፈው ፋሲካ ጠርተውኝ በልቻለሁ። ለቅሶ አለመድረስ አልችልም። ገብቼ ምን ልበላት?»

ውባንቺ ቆቧን አውልቃ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

«አብረን እንሄዳለን» አለች። «እኔ ቀድሜ ገብቼ እነግራታለሁ። እርስዎ ከኋላዬ ይግቡና ያልቅሱ።»